የካይሮውን ሴሚናሪ ማጥናት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ደምቢ ዶሎ የታሪክ መምህርት ነኝ። ለማስተርስ ላጠና ያሰብኩት የአረብ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች የሚሠለጥኑበትን፣ ካይሮ ያለውን የወንጌላውያን ሴሚናሪ ታሪክ ነው። ጓደኞቼ ግን «ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ያስገኛል?» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። ግን አጥብቢው።

ከ1863 እስከ 1926 እ.ኤ.አ. ያለው ብቻ ይበቃሻል። ፕሬስቢቴሪያን ከሚባለው የፕሮቴስታንት ወገን የሆኑ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ካይሮ የገቡት በ1854 ነው። በ1863 ሴሚናሪውን ሲጀምሩ ትምህርቱ የሚሰጠው ናይል ላይ፣ «አይቢስ» በምትባል የመኖሪያ ጀልባ ውስጥ ነበር። ጀልባዋ ወንዙን ይዛ ትጓዛለች፤ መምህራኑ በየመንደሩ ወርደው ይሰብካሉ፣ መጻሕፍት ይሸጣሉ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከቅብጥ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ቤይሩት ላይ ሲተረጎም የነበረው አዲሱ የአረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያኔ ገና አላለቀም፤ አዲስ ኪዳኑ በ1860 ወጥቷል፣ ብሉዩ ግን እስከ 1865 ቆይቷል። እስቲ አስቢው፣ እነዚህ ልጆች ብሉይ ኪዳንን ከየትኛው ትርጉም ተማሩ? ይህ ጥያቄ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ያስጽፋል። ሴሚናሪው ካይሮ ውስጥ አባሲያ ሰፈር ገብቶ የረጋው በ1926 ነው።

ደግሞ ታሪኩ ለሰፈርሽ ባዳ አይደለም። ግብፅ ላይ የሠራችው ያቺው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ1900 ሱዳን ገባች። ሚሲዮናዊ ሐኪሟ ዶክተር ቶማስ ላምቢም በ1919 ወለጋ፣ ሳዮ የመጡት ከሱዳን ተነሥተው ነው። ሳዮ ማለት ያንቺው ደምቢ ዶሎ ነው።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ ሥራ የሚያስገኝልሽ አረብኛው ነው። የሚነገረውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ የቆየ ቃለ ጉባኤና መጽሔት ቁጭ ብለሽ የምታነቢበትን ማለቴ ነው። የሚሲዮኑ መዛግብት ፊላደልፊያ፣ የፕሬስቢቴሪያን ታሪክ ማኅበር ዘንድ አሉ፤ ብዙው በእንግሊዝኛ ነው። በእነሱ ብቻ ከሠራሽ ግን ግብፃውያኑን የምታያቸው በአሜሪካኖቹ ዓይን ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ብዙ አለ፤ ያንቺው እንዲጨመርበት አልፈልግም። አረብኛ የሚያነብ የታሪክ ባለሙያ እኛ ዘንድ ጥቂት ነው። የነገረ መለኮት ኮሌጆች፣ የትርጉም ሥራዎች፣ ቤተ መዛግብት፣ ከአረብ አገር ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች፣ ሁሉም እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋሉ። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ የሚያስደስት አይሆንም፣ ይህን ከወዲሁ ዕወቂው።

ስለዚህ አስጠኚ ፈልጊና አረብኛውን ከዚህ ሴሚስተር ጀምሪ። አማካሪ ስትመርጪ፣ ቢያንስ አንደኛው አረብኛ የሚያነብ ይሁን። ፕሮፖዛል ከማስገባትሽ በፊት ለሴሚናሪው ቤተ መጻሕፍት ጻፊ፤ ከ1926 በፊት የነበረ ምን ሰነድ እንዳላቸው፣ ለውጭ ተመራማሪ ያሳዩ እንደሆነም ጠይቂ። ቁርጥ ያለ መልስ እስክታገኚ ድረስ የማስተማር ሥራሽን አትልቀቂ።