መልስ፦ ሶራፌኒብ (የጉበት ካንሰር ክኒን) እየወሰዱ ዕጢው ካልቀነሰ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

አይደለም ወንድሜ። ኮምቦልቻ ያሉት አባትህ ሁለት ወር ሶራፌኒብ ወስደው የጉበታቸው ዕጢ ባለበት ከቆመ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ሊሆን ይችላል። "ካልቀነሰማ ይተውት" የሚሉህን ዘመዶች አትስማ።

ክኒኑ ዕጢውን "እደግ" የሚሉትን መልእክቶችና ደም የሚያመጡለትን አዳዲስ የደም ሥሮች ነው የሚያግደው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያዘገየዋል እንጂ አያሟሽሸውም። ከሥሩ ነቅሎ አያድንም፣ ይህንን እወቀው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ትልቅ ጥናት የወሰዱት መካከለኛ የመኖር ዕድሜ 10.7 ወር፣ ያልወሰዱት 7.9 ወር ነበር።

አወሳሰዱ በባዶ ሆድ ነው፦ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ። ቅባት የበዛበት ምግብ ላይ ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል።

አሁን እጃቸው መላጥ ጀመረ ያልከው የዚሁ ክኒን የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆን ይችላል። እናቴም ይህንኑ ክኒን በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት በጠባብ የፕላስቲክ ጫማ ሰኞ ገበያ ደርሳ በእግሯ ተመለሰች። ማታ ውስጥ እግሯ ቲማቲም መስሎ ውሃ ቋጥሯል። እኛ ብልጦቹ ደግሞ በሙቅ የጨው ውሃ ዘፈዘፍነው፤ ባሰባት። ሙቅ ውሃ ይቅር። ሰፊ ለስላሳ ጫማ፣ ካልሲ፣ ጠዋት ማታ ቅባት።

ሐኪሟ ለጥቂት ቀን አስቁሞ መጠኑን ቀነሰላት፣ ቀጠለች። ማቆምም መቀነስም የሐኪሙ ውሳኔ ነውና ዛሬውኑ ደውልለት። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ግፊታቸውም በየሳምንቱ መለካት ነበረበት፤ ካልተለካ አሁኑኑ ይለኩ።