የጀልባ ሞተር፦ ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንጠቀምባት 6 ሜትር ርዝመት ያላት የሸራ ጀልባ አለችን። ነፋስ ሲጠፋ ወደ ዳር የሚመልሰን ባለ 5 ፈረስ ጉልበት ሞተር ለመግዛት አስበን እሱ ቱ ስትሮክ፣ እኔ ደግሞ ፎር ስትሮክ ይሻላል በማለት ሳንስማማ ቀረን። ሞተሩ የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው። የትኛውን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እኛም ፎር ስትሮኩን እንመርጣለን፤ ይሁንና የወንድምዎ ሐሳብ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ቱ ስትሮክ ክራንኩ (የፒስተኑን ምት ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) በዞረ ቁጥር ኃይል የሚሰጥና የቫልቭ ጣጣ የሌለበት ሞተር በመሆኑ በዚህ ጉልበት ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ፎር ስትሮኩ ግን ከ25 ኪሎ ያልፋል፣ ልዩነቱንም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ትከሻዎ ይነግርዎታል።

የቱ ስትሮክ ጉዳቱ ጭሱ ላይ ነው። አምራቹ 50 ለ 1 ካለ በ10 ሊትር ቤንዚን ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይቀላቀላል፤ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ቱ ስትሮክ ደግሞ አዲሱ ድብልቅ ሲገባ የተቃጠለው ገና እየወጣ ስለሆነ፣ ከቤንዚኑ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ከዘይቱ ጋር ውኃ ውስጥ ይተፋዋል። ባቦጋያ ደግሞ የሚፈስበት መውጫ የሌለው፣ ሰው የሚዋኝበት የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። በተጨማሪም የሸራ ጀልባ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ ስለሚሠራ ቱ ስትሮኩ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ቶሎ በጥቀርሻ ይሸፍነዋል፤ ፎር ስትሮኩ ግን በዝቅተኛ ዙር ሳይንገራገጭ ይሄዳል።

የሐይቁ ከፍታ 1,900 ሜትር ገደማ በመሆኑ የትኛውንም ቢገዙ አየሩ ስስ ስለሆነ ከ5ቱ ፈረስ ጉልበት የሚተርፍዎት 4 ያህል ነው። ይህም አያሳስብዎት፤ እንዲህ ያለች ጀልባ ምንም ቢገፏት በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙ አታልፍም። ይልቅ ሁለታችሁም ያላነሳችሁት፣ ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ የሚወርደው የዘንጉ ርዝመት የበለጠ ያሳስበናል። 38 ሳንቲ ሜትር የሆነው አጭሩ ዘንግ ማዕበል የኋላዋን ባነሳው ቁጥር ፕሮፔለሩን ከውኃ ያወጣዋልና 51 ሳንቲ ሜትሩን ይጠይቁ።

ፎር ስትሮክ የራሱ ዘይት በሆዱ ስላለ መኪና ውስጥ ሲጋደም አምራቹ ባመለከተው ጎን ብቻ መሆን አለበት። ይህን መልስ የሚጽፈው ሰው አንድ ጊዜ በተሳሳተው ጎን አጋድሞት ሄዶ፣ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ካንዴላውን በዘይት እንደ ተነከረ ጥጥ ሆኖ አውጥቶታል። የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ቀጥሎ በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ይቀየራል። ከሐይቁ ከመመለስዎ በፊት የቤንዚኑን መስመር ዘግተው ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን አቃጥለው ይጨርሱ፤ የቤንዚን ጀሪካኑን ግን ከሞተሩ ጋር አራተኛ ፎቅ አያውጡት።