አሉሚኒየም ላሜራን ከብረት ፍሬም ጋር ማያያዝ፦ ለተጠየቀው የኔ መልስ

ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይህ ነው። 3 ሚሊ ውፍረት ካለው ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቱቦ) የማሽን ፍሬም እየሠራ ነው። ፍሬሙን በ1.5 ሚሊ አሉሚኒየም ላሜራ ማልበስ ይፈልጋል። «ብየዳ ከሁሉም ይጠነክራል ይባላል፤ ስለዚህ ሁሉንም ልበይደው ነው፤ ምን ዓይነት የብየዳ ማሽን ልግዛ?» ይላል።

መልሱን ከፊት ላድርገው። ፍሬሙን በይደው። ላሜራውን ግን አትበይደው፤ በሪቬት (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ሲያብጥ የሚይዝ ምስማር) ወይም በብሎን እሰረው።

ብዙ ሰው አሉሚኒየምና ብረት አብረው የማይበየዱት የሚቀልጡበት ሙቀት ስለሚለያይ ብቻ ይመስለዋል። ልዩነቱ በርግጥ ሰፊ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ብረት ደግሞ 1500 አካባቢ ይፈልጋል። ትልቁ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ቀልጠው ሲቀላቀሉ መሀላቸው ላይ እንደ መስታወት ተሰባሪ የሆነ ውህድ ይፈጠራል። ጀማሪ እያለሁ ሞክሬዋለሁ። ላዩን ሲያዩት የያዘ ይመስላል። ሞርሳ ላይ አስሬ በመዶሻ አንዴ ነካ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ስብራቱ ግራጫ ነው፤ ትንሽ እንኳ ጎበጥ ያለበት ምልክት የለውም።

መርከብ ሠሪዎች ይህን የሚያልፉበት ዘዴ አላቸው። በፍንዳታ ኃይል አስቀድሞ የተጣበቀ፣ አንድ ፊቱ ብረት ሌላ ፊቱ አሉሚኒየም የሆነ ቁራጭ መሀል ያስገባሉ። ከዚያ ብረቱን ከብረት፣ አሉሚኒየሙን ከአሉሚኒየም ይበይዳሉ። መኪና ፋብሪካዎች ደግሞ ማጣበቂያና ሪቬት አብረው ይጠቀማሉ። ላንተ ሽፋን ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግልሃል?

ወደ ፍሬሙ እንምጣ። ለ3 ሚሊ ቱቦላሬ ተራ የኤሌክትሮድ ማሽን ይበቃሃል። 2.5 ሚሊ፣ 6013 የሚባለውን ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ያዝ፤ አምፒሩን ከ60 እስከ 90 ባለው ውስጥ እያስተካከልክ ፈልገው። «7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ካልሆነ አይጠነክርም» የሚሉህ አይጠፉም። አትስማቸው። 7018 እርጥበት ከነካው ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ያስገባል፤ ያኔ ስንጥቅ ይመጣል። ማድረቂያ ምድጃ ከሌለህ ጭንቀቱን ለምን ትገዛለህ? ባለ ጋዙ ሚግ ማሽን (በኤሌክትሮድ ፈንታ ሽቦ እየመገበ የሚበይድ) በፍጥነት ይበልጣል፤ ግን ደጅ ላይ የምትሠራ ከሆነ ነፋስ ጋዙን እየወሰደ ብየዳውን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል።

ፍሬም ላይ ሰው የሚሸነፈው በጥንካሬ አይደለም፤ በመጣመም ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ደግሞ ብረቱን ይዞት ይሄዳል። የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን ከአንዱ ማዕዘን ጀምሬ እያንዳንዱን ጨርሼ ነበር ወደ ሚቀጥለው የሄድኩት። ሥራዬ አምሮብኝ ነበር። መሬት ላይ ሳቆመው አንዱ እግር አየር ላይ ቀረ! አሁን መጀመሪያ ሁሉንም ማዕዘን በነጥብ ነጥብ ብቻ አስይዛለሁ። ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሜትር በሰያፍ እለካለሁ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ገና በመዶሻ ይስተካከላል። ከዚያ አንዱን ማዕዘን ትንሽ በይጄ ወደ ትይዩው እሻገራለሁ። በአንድ ቦታ ሙቀት አላከማችም።

ቱቦላሬው ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ከሆነ ዚንኩን ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ሞርደህ አንሳው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ብረቱ ሳይቀልጥ እሱ ነጭ ጭስ ሆኖ ይነሳል። አንዴ ንቄው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወባ በሽተኛ ስንቀጠቀጥ አድሬያለሁ። በክሎሪን የተሠራ የቅባት ማጽጃ ስፕሬይ ደግሞ ብየዳ አጠገብ እንዳይደርስ። ከብየዳው ብርሃንና ሙቀት ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

አሁን ሽፋኑ፤ እውነተኛው ሥራ እዚህ ነው። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው እርጥበት ካገኙ ልክ እንደ ባትሪ ይሠራሉ። የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። እኔ የሠራሁት አንድ ሽፋን እርጥብ ቤት ውስጥ ከርሞ ሲመለስ በየሪቬቱ ዙሪያ ነጭ ዱቄት አብጦ ነበር። በጥፍሬ ብጭረው ላሜራው እንደ ደረቀ ቅርፊት ተነሳ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ብረቱን ሳልቀባ፣ መሀሉ ላይ ምንም ሳላስገባ ነበር ያሰርኩት።

ስለዚህ ፍሬሙን ቀለም ቀባው፤ በደንብ ይድረቅ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የሚበላው አሉሚኒየም ስለሆነ እሱን ብቻ ይቀባሉ። ቀለሙ አንድ ቦታ ከተጫረ ጉዳቱ ሁሉ በዚያች ጭረት ላይ ይወርዳል፣ ይበሳዋል። አንዱን ብቻ የምትቀባ ከሆነ ብረቱን ቀባ። በመሀል ቀጭን ጎማ ወይም የማሸጊያ ማስቲክ አድርግ።

ሪቬቱ 4.8 ሚሊ ከሆነ በ4.9 ትራፓኖ ብሳ። 5.5 ከበሳህ ሪቬቱ ቀዳዳውን አይሞላውም፤ ማሽኑ ሲነቀነቅ ቀስ በቀስ ይላላል። ርዝመቱን ስትመርጥ የላሜራውን፣ የጎማውንና የቱቦላሬውን ውፍረት ደምር። ብዙ ሰው ጎማውን ይረሳዋል።

ሌላው ሙቀት ነው። 1 ሜትር አሉሚኒየም በ50 ዲግሪ ሲሞቅ 1.2 ሚሊ ያህል ይረዝማል፤ ብረቱ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ሽፋንህ ረጅም ከሆነና ማሽኑ የሚሞቅ ከሆነ አንዱን ጫፍ አጥብቀህ እሰር። በሌላው ጫፍ ላሜራው ላይ ቀዳዳውን ሞላላ አድርገህ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ያዘው። አለበለዚያ ላሜራው መሀል ላይ ይነፋል።

ማጣበቂያ ብቻውን ይበቃል ወይ ለሚሉ፦ ወደ ጎን ለሚጎትት ኃይል ጎበዝ ነው፤ ከጫፍ ለሚገነጥል ግን ደካማ ነው። ሁለት ቁራጭ አጣብቀህ ሞክር። ጎን ለጎን ስትስበው ንቅንቅ አይልም፤ ጠርዙን በቢላ ፈልቅቀህ ስትገልጠው እንደ ሙዝ ልጣጭ ይላቀቃል። ከሪቬት ጋር አብሮ ከሆነ ግን ግሩም ነው።

ለጥገና የምትከፍተው ጎን ካለ እዚያ ሪቬት አታድርግ። ቱቦላሬው ላይ የሪቬት ዳዶ (እንደ ሪቬት ቀዳዳው ውስጥ የሚቀር፣ ብሎን የሚይዝ ዳዶ) አስገብተህ በብሎን ዝጋው። የትኛው ጎን እንደሚከፈት ግን አልጻፍክም፤ እስቲ የፍሬሙን ፎቶ ለጥፍልን።