ፀሐይ ስትወጣ የሚብሰው ብርድ

ውድ ልጆቼ፤

ባለፈው ሳምንት ከአገር ቤት ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው አንድ ወጣት ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ፀሐይዋ ደምቃ ወጥታለች፤ ካፖርቱን ትቼ በሹራብ ብቻ ብወጣ ምን ይለኛል?» ሲል ጠየቀኝ። እርሱ እንደ ዋዛ የጠየቀው ነገር እኔን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ስለዚያ ነው።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ በኦካቢና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በወርዚንግተን ነው። 14,000 ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ ዙሪያዋን በቆሎና አኩሪ አተር የከበባት፣ ብዙዎቻችንን በሥጋ ማቀነባበሪያ ሥራዋ የሳበች ትንሽ ከተማ ናት። ከካናዳ ድንበር እስከ ጓሯችን ድረስ ነፋሱን የሚገታ አንድ ተራራ እንኳ የለም። በምዕራብ በኩል ባለው የቡፋሎ ሪጅ ተረተር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እንደ ጫካ የቆሙት፣ በሰኔም በሐይቁ ላይ በነፋስ የሚነዱ የሸራ ሰሌዳዎች ውድድር የሚካሄደው ለዚህ ነው። ይኸው ነፋስ በጥር ሌላ ፍጡር ነው።

እዚህ አገር ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሐምሌ ስደውልላት «ክረምቱ እንዴት አድርጓችኋል?» ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ የበቆሎው ማሳ በሚተነፍሰው እርጥበት ታፍኜ፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የማትጠልቀውን ፀሐይ እያማረርሁ ላቤን እጠርግ ነበር። ከቃላቱ ሁሉ የባሰችብን ግን «ፀሐይ» የምትለዋ ናት። በእኛ ዘንድ ፀሐይ ወጣች ማለት ሞቀ ማለት ነው፤ እዚህ በጥርና በየካቲት እጅግ የሚበርደው ሰማዩ ሲጠራ ነው። ደመና የምድርን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ይይዛል፤ ሰማዩ ሲገለጥ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል፤ ያ ጥርት ያለ ሰማይም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአርክቲክ ከወረደ ከባድና ደረቅ አየር ጋር ነው። በረዶ የሚጥልበት ጨፍጋጋ ቀን በአንጻሩ ለዘብ ይላል።

ይህን ያወቅሁት በሰው ጣት ነው። ጊዜው ጥር 1988 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1996 መጀመሪያ ነበር። በዚያ ሰሞን በሰሜን ሚኒሶታ ታወር በተባለች መንደር ብርዱ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ደርሶ የክፍለ ግዛቱ ሪከርድ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አገረ ገዢውም ትምህርት ቤቶችን በሙሉ አዘግተው ነበር። እኔ በአገር ቤት ነርስ የነበርሁ ሰው፣ የዚህን አገር የሙያ ፈቃድ እስካገኝ ድረስ ሌሊት ሌሊት ፋብሪካ እሠራ ነበር። አንድ ቤት የምንጋራው የ23 ዓመት የአዳማ ልጅ፣ ገና ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ «ጋሼ፣ ፖስታ ቤት ታደርሰኛለህ ወይስ በእግሬ ልሂድ?» አለኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ሰማዩ አንዳች ደመና አልነበረበትም፤ በረዶው ላይ ያረፈው ብርሃን ዓይን ይወጋል። «እንዲህ ያለች ፀሐይ ወጥታ በመኪና? ሂድ፣ እግርህን አፍታታ» አልሁትና ተኛሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩን በክርኑ ሲደበድብ ነቃሁ። ከእናቱ የተላከ ደብዳቤ አግኝቶ ኖሮ፣ ፖስታውን ለመቅደድ የቀኝ እጁን ጓንት አውልቆ፣ ፀሐይዋም ለንባብ ተመችታው፣ መንገዱን ሁሉ እያነበበ ነው የመጣው። ደብዳቤው አራት ገጽ ነበር። የሦስት ጣቶቹ ጫፍ ደም የሌለው፣ የጧፍ ሰም የመሰለ ነጭ ሆኗል፤ ስነካው እንደ እንጨት ደርቋል። «ያምሃል?» አልሁት። «ኧረ ምንም አይሰማኝም» ብሎ ሳቀ። ነርስ ነኝና «አይሰማኝም» የሚለው ቃል ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እናቶቻችን እንደሚያደርጉት እጁን በመዳፌ መካከል አድርጌ በኃይል አሸሁት፣ ቀጥሎም ምድጃው ላይ አስጠጋሁለት። ኋላ ሐኪሙ እንደነገሩን፣ የቀዘቀዘ ሥጋ ሲታሽ ይጎዳል፣ ስሜት የሌለው ጣት በእሳት ሲቃጠል አያውቅም፤ የሚበጀው ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ባለ ውኃ መንከር ብቻ ነው። ጣቶቹ በመጀመሪያ ውኃ ቋጠሩ፣ ከሳምንታት በኋላም ጠቆሩ። ሁለቱ ከመጨረሻው አንጓ ላይ ተቆረጡ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ስናገር «አላወቅሁም ነበር» እያልሁ ነው። እውነቱ እንዲያ አይደለም። ያን ዕለት ጠዋት ከሥራ ስመለስ የአየሩን ሙቀት የሚያሳየው የባንኩ ሰሌዳ ሚነስ 13 እንደሚል አይቻለሁ፤ በፋራናይት መሆኑንም፣ በእኛ ልኬት፣ በሴልሺየስ፣ 25 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንደሆነም አውቅ ነበር። በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ሲጨመርበት በገላ ላይ ወደ ሚነስ 40 የሚጠጋ ብርድ ይሆናል፤ ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙት እዚያው ሚነስ 40 ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚህ ብርድ ያልተሸፈነ ጣት ለጉዳት ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። አላወቅሁም ሳይሆን መኪናውን ማሞቅ ሰነፍሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የሞተር ማሞቂያ ገመድ ነቅሎ፣ መስታወቱን ፍቆ፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ፤ ፀሐይዋ ሰበብ ሆነችኝ።

ስለ ቦት ጫማና ልብስ ስለ መደራረብ አልጽፍላችሁም፤ ሻጩ ይነግራችኋል። የእናንተን ትውልድ ሳይ የሚያሳዝነኝ ስልካችሁን አይታችሁ መስኮቱን አለማየታችሁ ነው፤ ከመኪና ወደ መኪና በስኒከር እየሮጣችሁ ከተማዋን ሳታውቋት ትኖራላችሁ። እርግጥ እኔም ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስድስት ጊዜ አይቻለሁ። ያለ እርሱ ከቤት አትውጡ፤ በተለይ በረዶ ሳይጥል ነፋሱ የተኛውን በረዶ አንሥቶ መንገዱን የሚያጠፋበት ቀን አለ፤ ቀና ስትሉ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ፊት ለፊታችሁ ግን የመኪናችሁ አፍንጫ አይታይም። የአይ 90 አውራ ጎዳና መዝጊያ በር የተበጀለት ለዚህ ነው፤ በሩ ሲዘጋ በጓሮ መንገድ ልለፍ አትበሉ።

የጸደዩም ነገር የዋዛ አይደለም። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም.፣ «ከእንግዲህስ ወጣን» ባልንበት ሰሞን፣ ዝናቡ ሽቦና ዛፍ ላይ እየረጋ መስመሩን በጥሶ ለቀናት ያለ መብራት ተቀምጠናል። በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጮኸው ሳይረን ደግሞ የቶርኔዶ፣ ማለትም የኃይለኛ አዙሪት ነፋስ፣ ማስጠንቀቂያ ሙከራ ነው፤ ያ የአዳማ ልጅ በመጣ ሰሞን ጦርነት መስሎት ከነሳሙናው ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ምድር ቤት ወርዷል። ያን ቀን እንዴት እንደሳቅን!

ለጠየቀኝ ወጣት «ካፖርትህን ልበስና ጠብቀኝ» ብዬ መኪናዬን አስነሣሁ። የአዳማው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ ፊኒክስ፣ አሪዞና ይኖራል። በዚያ በረሃ እንኳ ፍሪዘር ሲከፍት ጣቶቹን ስለሚያመው ሥጋ የምታወጣው ባለቤቱ ናት። እዚህ የመጀመሪያው በረዶ መጣሉን በሰማ ቁጥር ይደውልልኝና «ጋሼ፣ ዛሬ ፀሐይ አለች?» እያለ ይስቅብኛል። ስለ ባንኩ ሰሌዳ እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።