አዲስ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምነዳው ቪትዝ ነው። በየቀኑ ከገርጂ ቦሌ ስራ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ መኪናዋ ቆማ ነው የምትውለው። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ቀጭ ቀጭ ብላ ዝም ትላለች፤ ጎረቤት ለምኜ በገመድ አስነሳታለሁ። ባትሪው ከተገዛ ዓመት አልሞላውም። አንዱ መካኒክ አሲድ ጨምርበት ሲለኝ ሌላው አዲስ ግዛ አለኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ። አሲዱንማ በፍጹም! ከባትሪ ውስጥ እየተነነ የሚያልቀው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል። ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ የእርሳስ ሳህኖቹ እስኪሸፈኑ ድረስ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨምር። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ይጎዳዋል።

ከዚያ በቴስተር ለካ። መኪናዋ ካደረች በኋላ ሳታስነሳት 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 ከወረደ ባዶ በለው። አሁን አስነሳትና ድገም። ከ13.8 እስከ 14.5 ካላገኘህ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አስፈትሽ፣ አለዚያ አዲሱም ባትሪ እንደዚሁ ይሆናል።

እኔ ግን የጠረጠርኩት አጭር መንገድህን ነው። ሞተሪኖው ለማስነሳት የወሰደውን ዲናሞው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፣ አንተ ደግሞ መብራት፣ ራዲዮና ኤሲ ከፍተህ ትራፊክ ውስጥ ቆመህ ስለምትውል ባትሪው ሁሌ ሳይጠግብ ያድራል። ሳይሞላ በቆየ ቁጥር ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገራል፤ ሰልፌቱ ከጠነከረ ደግሞ ቻርጅ ብታደርገውም አይለቅም። ባትሪ ሳያረጅ የሚገድለው በአብዛኛው ይሄ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ቀለበት መንገድ ላይ ለ40 ደቂቃ ያህል ንዳት፣ አሁን ግን መጀመሪያ በቻርጀር ቀስ ብሎ ይሞላልህ።

ኮፈኑን ስትከፍት የባትሪው ራሶች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካየህ በ10 ቁልፍ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፍታ። ቁልፉ ድንገት ቦዲ ቢነካ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። በሙቅ ውሃ የበጠበጥከውን ቤኪንግ ሶዳ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሽበት፣ አድርቀህ ኔጋቲቩን መጨረሻ ላይ እሰር። ሁለቱም በእጅ ስትነቀንቃቸው መላወስ የለባቸውም።

ሌላው፣ አላርም ወይም ጂፒኤስ አስገጥመሃል? መኪናዋ ተቆልፋ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ የምትስብ ከሆነ ቆማ በዋለች ቁጥር ባትሪህን የሚያደክመው እሱ ሊሆን ይችላል።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎም አድሮ ከወደቀ፣ በሎድ ቴስተር (ባትሪውን ጭነት ሰጥቶ በሚለካ መሣሪያ) አስፈትሸው። ዓመት አልሞላውም ብለሃል፤ ዋስትና ካለው ደረሰኙን ይዘህ ወደ ገዛህበት ሱቅ ሂድ።