የቅድመ አያታችን መኪና፦ ከፎቶው ምን ይነበባል?

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ በእጃችን አለ። ቅድመ አያታችን ከነልጆቻቸው በእርሻቸው ዳር ከፎርድ ሞዴል ቲ አጠገብ ቆመዋል። በአካባቢው መጀመሪያ መኪና የገዙት እሳቸው እንደሆኑ፣ ዘመኑም 1910 እንደሆነ ይነገራል። ከጀርባው የተጻፈ ነገር የለም። እውነትነቱን በምን እናጣራ?

መልስ፦ መኪናው መቼ እንደተሠራና የማን እንደነበረ ለየብቻ መጣራት አለባቸው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ተመርቷል። እስከ 1916 ሞዴል ራዲያተሩ ማዕዘን ያለው ነሐስ ነበር፤ ከ1917 ሞዴል ጀምሮ ጠርዙ የዞረ ጥቁር የብረት ሽፋን ለበሰ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኒኬል የተለበጡም ስላሉ በብልጭታው አትፍረዱ፣ ቅርጹን እዩ። ከኮፈኑ ኋላ ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ እንጨት ከሆነ መኪናው ከ1915 በፊት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የፊት መብራቱ በካርባይድ ጋዝ የሚሠራ ከሆነም እንደዚሁ፤ ግን መብራት በቀላሉ ይቀየራል፣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማኖቬላ (ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የሚያስነሡበት ብረት) ማየታችሁም ዕድሜውን አይነግራችሁም፦ የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1919 ከመጣ በኋላም ከፊቱ አልጠፋም።

እነዚህ ሁሉ ፎቶው ከመቼ በፊት ሊነሣ እንደማይችል ብቻ ያሳያሉ። መኪናው ያገለገለ ሆኖ ዘግይቶ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል። ፎቶውን በ1200 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ስካን አድርጉና ታርጋውን አጉልታችሁ አንብቡ። ታርጋ በየዓመቱ በሚለወጥበት አገር ከሆነ የተነሣበትን ዓመት ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩ በምዝገባ መዝገብ ከተገኘ ደግሞ የባለቤቱን ስም።

ከመኪና አጠገብ መቆም ባለቤትነትን አያሳይም፤ የእንግዳ ወይም የፎቶ አንሺው መኪና ሊሆን ይችላል። የግብር ዝርዝርን፣ የውርስ ቆጠራን፣ የሽያጭ ውልን ፈልጉ። በውሉ ላይ የሞተር ቁጥር ካለ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሞተሩ የተሠራበት ወር ሳይቀር ከቁጥሩ ይታወቃል።

አረጋውያንን ስትጠይቁ «መጀመሪያ የገዛው ማነው?» አትበሉ፣ የተለመደውን መልስ ይደግሙላችኋል። ቤንዚን የት እንደሚቀዳ ጠይቁ። በአብዛኞቹ ሞዴል ቲዎች እስከ 1925 ታንኩ ከፊት ወንበር ሥር ስለነበር ወንበሩን ማንሣት ግድ ነበር። ቤንዚኑም ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ፣ ሲያንስ በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ካርቡራቶሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የሞተር ክፍል) ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ ታንኩ ከሞተሩ ከፍ እንዲል ዳገቱን በኋላ ማርሽ፣ ወደ ኋላ እየነዱ፣ ይወጡት ነበር። ይህን ሳትነግሯቸው ካስታወሱ፣ መኪናዋን በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች የመጣ ወሬ ነውና የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑን መዝግባችሁ ከሰነዶቹ ጋር አስቀምጡት።