አሮጌ ጌም እንደገና ለምትሠሩ ልጆች

አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ ሰሞኑን የላከልኝ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ ብሏል። እሱና ጓደኞቹ ለመመረቂያ ሥራቸው «ሲስተም ሾክ» ከሚባለው የድሮ የሕዋ ጌም አንዱን ክፍል ለዛሬ ተጫዋች እንደ አዲስ መሥራት ጀምረዋል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ነው፤ እነሱ ገና አልተወለዱም ነበር። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ይሰለቻል። አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ብናስገባ፣ የድምፅ መልእክቶቹንም ብናሳጥር፣ ጌሙን አበላሻችሁት እንባላለን?»

መልሱን በሁለት መስመር ጽፌ ልልክለት አስቤ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ፤ ምክንያቱን ለመናገር ወደ አንድ የደሴ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል መመለስ አለብኝ።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ በእርዳታ የመጡ፣ «486» የሚባል ዓይነት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ክረምት ላይ የጦሳ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሲሸፍነው በቀን መብራት እናበራ ነበር። እዚያ አንድ የሒሳብ መምህር ማታ ማታ እየቆየ ቱርቦ ፓስካል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ የሚከፍለውም አልነበረም። የጻፈው ጌም ነው፤ ልጆቹ «መርከቢቱ» ይሉት ነበር።

ጌሙ ከምድር ወደ ማርስ እህልና ውሃ ጭና የምትሄድ መርከብ ታሪክ ነው። ተጫዋቹ ግን መርከቧ ውስጥ አይደለም፤ ምድር ላይ፣ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዝ ይልካል። ከምድር ወደ ማርስ የሚላክ የሬዲዮ መልእክት እንደ ሁለቱ ፕላኔቶች ርቀት ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። መምህሩ ደቂቃውን ወደ ሰከንድ ለወጠው። መርከቧ «ነዳጅ ይፈስሳል፣ ምን ላድርግ?» ብላ ስትጠይቅ ያ መልእክት የደረሰህ ዘግይቶ ነው፤ አንተም የምትመልሰው ዘግይቶ ይደርሳል። በመካከሉ ነዳጁ መፍሰሱን አያቆምም። ስለዚህ ልጆቹ ቁልፍ ከመንካታቸው በፊት ወረቀት ላይ ያሰሉ ነበር። ሦስት አራት ሆነው አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተው «አሁን ብንልክ ሲደርስ ስንት ይቀራል?» እያሉ ይከራከራሉ። የሒሳብ ትምህርት የሚጠሉ ልጆች ሳይታወቃቸው ሒሳብ ሲሠሩ አይቻለሁ።

ጽሑፉ በሙሉ አማርኛ ነበር። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮቹ በሚሠሩበት ዶስ በሚባል ሥርዓት ላይ የአማርኛ ፊደል እንደ ዛሬው ተዘጋጅቶ አይገኝም። መምህሩ ባለ ካሬ ወረቀት ገዝቶ እያንዳንዱን ፊደል በእርሳስ ካሬ እየሞላ ሣለው። መጀመሪያ ስምንት በስምንት ሞከረ፤ «ለ» እና «በ» ተስማሙት፣ «ጬ» እና «ሿ» ግን ተደፍነው የቀለም ጠብታ መሰሉ። ያን ሁሉ ጥሎ በአሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ካሬ ከ«ሀ» ጀመረ። ወረቀቶቹን አይቻቸዋለሁ። በላጲስ ብዛት የሳሱና በስተኋላቸው በፕላስተር የተጠገኑ ነበሩ።

መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ከመጀመሪያው እንዳይጀምሩ መምህሩ ያደረገውንም ሳልናገር አላልፍም። ፍሎፒ ዲስክ ውድ ስለነበር ለየተማሪው ማደል አይቻልም። እናም ጌሙ በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ ረጅም ቁጥር ይሰጣል፤ ልጁ ደብተሩ ላይ ጽፎት ይሄድና ሌላ ቀን ቁጥሩን ሲያስገባ መርከቢቱ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ልጆቹ ቁጥር ይዋዋሱ ነበር። ቁጥሩ ውስጥ ነዳጁም፣ ውሃውም፣ ርቀቱም ታጥፎ እንዳለ የደረሰበት አንድ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ መሐንዲስ ነው።

ከዚያ መምህሩ ወደ ወልድያ ተዛወረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አዳዲስ ፔንቲየም ማሽኖች መጡልን። መርከቢቱን ስናስነሣት የመጀመሪያው ስክሪን እንኳ ሳይታይ «ራንታይም ኤረር 200» ብላ ሞተች። ነገሩ የመምህሩ ስህተት አልነበረም። በቱርቦ ፓስካል የተጻፈ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲነሣ የማሽኑን ፍጥነት ለክቶ ስንት ቢቆጥር ምን ያህል ጊዜ እንደሚያልፍ ያሰላል። ማሽኑ በጣም ሲፈጥን ውጤቱ ከተዘጋጀለት ቦታ ይበልጥና ማካፈሉ ይከሽፋል። ያን የሚጠግን ትንሽ ፕሮግራም በዓለም ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር እንደነበር ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ እንደገና እንድሠራው ጠየቀኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አሮጌው 486 አጠገቤ አስቀምጬ እያየሁ ቪዡዋል ቤዚክ በሚባል ሌላ የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩት። መርከቧን በቀለም አሳመርኳት። ፊደሎቹን በተዘጋጀ ፎንት ተካኋቸው። መጠበቁን ግን ወደ አንድ ሰከንድ አወረድነው፤ የትምህርቱ ክፍለ ጊዜ አጭር ነው፣ ልጆች ስክሪን እያዩ ለምን ይቀመጣሉ አልን። እውነቱን ለመናገር መጠበቁ ከአሮጌው ማሽን ድካም የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ ተሻሙበት፣ ከዚያ ተዉት። አሮጌውን ትወድ የነበረች አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ቢሳሳቱም ወዲያው ማረም ይቻላል» አለችኝ። ሙገሳ መስሎኝ አመሰገንኳት። ወረቀት ይዘው የሚመጡ ልጆች መቅረታቸውን ያስተዋልኩት ቆይቶ ነው።

መምህሩ አንድ ጊዜ ለበዓል ደሴ መጥቶ ቢሮዬ ጎራ አለ። አስቀምጬ አሳየሁት። ሁለት ትእዛዝ ልኮ መልሱን አየና «ቀለሙ ያምራል» አለኝ። ስለ ቤተሰብ ተጫወትን፣ ሻይ ጠጣን፣ ሄደ። ወልድያ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጠዋት አውቶቡስ የያዘ ሰው ከቀትር በፊት ይደርሳል። ሄጄ «ያ መጠበቅ ለምንህ ነበር? ሌላስ ምን አበላሸሁብህ?» ልለው ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ሳልሄድ ሞተ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሲዘረፍ አሮጌዎቹ 486 ማሽኖችም አብረው ሄዱ። እነዚያ ማሽኖች ለወሰዳቸው ሰው የብረት ክምር ናቸው፤ በውስጣቸው ግን የመርከቢቱ የመጨረሻ ቅጂ ነበረ። ዛሬ ያለው የእኔው ባለ ቀለም ብቻ ነው።

የኮምቦልቻው ልጅ የጠየቀኝ ይህንን ነው፤ እሱ ግን አያውቅም።

አሁን ወደ ሲስተም ሾክ ልምጣ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2072 ሳተርንን በሚዞር ሲታደል በተባለ ጣቢያ ይፈጸማል። ሾዳን የምትባል ሰው ሠራሽ አእምሮ ጣቢያውን ተቆጣጥራ ሰዎቹን ጨርሳለች። ተጫዋቹ ከወራት እንቅልፍ ሲነቃ የሚያናግረው አንድ ሕያው ሰው አያገኝም፤ የሚያገኘው የሞቱት ሰዎች ቀድተው የተዉትን መልእክት ነው። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጌሙን የሠራው፣ ሉኪንግ ግላስ ይባል የነበረው ድርጅት ባለሙያዎች ከዚያ በፊት በሠሩት ጌም ተጫዋቹ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር እየመረጠ ከሰዎች ጋር ይነጋገር ነበር፤ ያ ንግግር ሰው ሠራሽነቱ እየታየ ተጫዋቹን ከዓለሙ እንደሚያወጣው አዩ። እናም በሲስተም ሾክ ሕያው ሰው እንዳይኖር አደረጉ። መልእክቶቹን ማዳመጥ፣ ከሰማኸው ተነሥተህ የት መሄድ እንዳለብህ ራስህ ማውጣት፣ መሳሳት፣ ተመልሶ ማዳመጥ፣ ይህ ነው ጌሙ። ቀስት ስታስገቡ ተጫዋቹ መልእክቶቹን መስማት ያቆማል። መስማት ካቆመ ደግሞ የሞቱት ሰዎች ለእሱ ግድግዳ ላይ እንደተንጠለጠለ ዕቃ ናቸው።

ናይትዳይቭ የተባለው ስቱዲዮ ይህንኑ ጌም እንደገና ሲሠራ የደረሰበትን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተጫዋቾች ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣለት። በ2018 መጀመሪያ ሥራውን አቆመ፤ እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ ሲያየው የያዘው ሌላ ጌም ሆኗል። ወደ መጀመሪያው ሐሳብ ተመልሶ በግንቦት 2023 አወጣው። የሾዳንን ድምፅ የሰጠችው ያችው የድሮዋ ተዋናይት፣ ቴሪ ብሮሲየስ፣ ተመልሳ ተጫወተችው። ገጽታው በአዲስ ብርሃንና ጥላ ተሠርቷል፤ ግድግዳው አጠገብ ቀርባችሁ ስታዩት ግን የድሮዎቹ ካሬ ነጠብጣቦች ሆን ተብለው ቀርተዋል። እኔ ያን ሳይ ባለ ካሬው ወረቀት ነው የታየኝ።

የለወጡትስ? እጅን የሚመለከተውን ለወጡ። የ1994ቱ ጌም ዛሬ ማውስን ከማዞር ጋር ዓይን እንደሚዞረው አልነበረም፤ ቀና ለማለት፣ ለማጎንበስ፣ ወደ ጎን ለመዘንበል ሁሉ ቁልፍ ነበረው፤ ስክሪኑም ግማሹ በመሣሪያ ሰሌዳ የተያዘ ነበር። ይህን መለወጥ ነውር የለውም። ተጫዋቹ ከጣቢያው ጋር እንዲታገል እንጂ ከኪቦርዱ ጋር እንዲታገል ማንም አልፈለገም። የችግሩን ክብደት ለውጊያው፣ ለታሪኩና ለእንቆቅልሹ ለየብቻ የመምረጥን ነገር ደግሞ ከድሮው እንዳለ ጠበቁት፤ ከዛሬዎቹ ብዙ ጌሞች የተሻለ ዘዴ ስለሆነ።

ይሁንና ሁሉንም ጠብቁ አልልም። በጌሙ ውስጥ ሳይበርስፔስ የሚባል የሚበረርበት ክፍል አለ፤ እሱን ቢያስወጡት እኔ በበኩሌ አላዝንም ነበር። ሠሪዎቹም ራሳቸው ጌማቸውን ነክተዋል፦ መጀመሪያ በፍሎፒ ሲወጣ መልእክቶቹ በጽሑፍ ብቻ ነበሩ፣ በዚያው ዓመት በሲዲ ሲወጣ ድምፅ ተጨመረላቸው። ዛሬ የዚያ ጌም ነፍስ የምንለው ድምፅ በመጀመሪያው ቅጂ አልነበረም። እንግዲህ ታማኝነት የቱን ቅጂ ነው የሚጠብቀው? እኔ ይህን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ብዙ ታውቃላችሁ። እኛ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ወር ተራ ጠብቀን ያነበብነውን እናንተ በስልካችሁ ታገኙታላችሁ። የሚያሳዝነኝ ግን አንድ ነገር አለ፤ ጌሙን ዩቲዩብ ላይ ሌላ ሰው ሲጫወተው አይታችሁ «አውቀነዋል» ትላላችሁ። ሌላ ሰው ሲጠፋበት ማየት መጥፋት አይደለም። ሥራውንም የምትጀምሩት ከጌም ሞተሩ (ጌሙ ከሚሠራበት ፕሮግራም) እና ከብርሃኑ ነው፤ የሚያምር ኮሪደር ለመምህራን ታሳያላችሁ፣ በኮሪደሩ ውስጥ ተጫዋቹ ምን እንደሚወስን ስትጠየቁ ዝም ትላላችሁ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ያን ኮሪደር አይተው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም።

ስለ ቡድን ሥራና ስለ ቀነ ገደብ የሚነግሯችሁ ብዙ ናቸው፤ እሱን እተወዋለሁ። እኔ የምለው ይህን ነው። ጌሙን የድሮውን ቅጂ እንደነበረ፣ ከነአስቸጋሪ ቁልፎቹ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ደብተር ያዙ። ያያችሁትን አትጻፉ፤ የወሰናችሁትን ጻፉ፦ እዚህ በር ላይ ለምን ቆምኩ፣ ጥይቱን ለምን ቆጠብኩ፣ የትኛው መልእክት አስመለሰኝ። ከዚያ አዲሱን ስትሠሩ ለሌላ ልጅ ስጡትና የእሱን ውሳኔ ከእናንተ ደብተር ጋር አስተያዩ። ውሳኔዎቹ ከጠፉ ምንም ያህል ቢመስል ጌሙ ጠፍቷል። ሠሪዎቹ በሕይወት ካሉ ደግሞ ጻፉላቸው። አብሽሩ፣ ሰው ስለ ሥራው በቁም ነገር ሲጠየቅ አይኮራም። ባይመልሱላችሁ እንኳ መጠየቃችሁ የማታዩትን ያሳያችኋል።

ስለ ባለቤትነትም አንድ ቃል። ለክፍል ሥራ መሥራት አንድ ነገር ነው፣ ለሕዝብ ማውጣት ሌላ። ሉኪንግ ግላስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲዘጋ የሲስተም ሾክ መብት የገባው በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት እጅ ነው። የናይትዳይቭ መሥራች የጌሙን ተከታይ፣ ሲስተም ሾክ 2ን፣ ጓቲማላ ውስጥ በጉዞ ላይ ሳለ ሊጫወት ፈልጎ አልነሣ ሲለው ነው ባለመብቱን ፍለጋ የወጣው፤ የዚያ ስቱዲዮ ታሪክ የጀመረው ከዚያ ነው። ማንን ማስፈቀድ እንዳለባችሁ ከመጀመሪያው ቀን እወቁ።

ለኮምቦልቻው ልጅ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ ቀስቱን አታስገባ፣ መልእክቶቹን አታሳጥር፣ ቁልፎቹን እንደ ዛሬ አስተካክል። ጨርሰህ ከተጫወትከው በኋላ አሁንም ቀስት ያስፈልጋል የምትል ከሆነ ደሴ ና፣ ደብተርህን ይዘህ፤ ልታሳምነኝ ትችላለህ።

ሌሎቻችሁን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። በእነዚያ ዓመታት ደሴ የተማራችሁ፣ ወይም ወልድያ ያ የሒሳብ መምህር ያስተማራችሁ፣ አባትና እናቶቻችሁም ጭምር፣ ከቤታችሁ ዕቃ መካከል የድሮ ፍሎፒ ካለ አትጣሉት። ሻጋታ ቢይዘውም አምጡት። የሚያነብ መሣሪያ አለኝ፣ ይሠራል። ደብተር ዳር ላይ የተጻፈ ረጅም ቁጥር ያለው ሰው ካለም እፈልገዋለሁ፤ በቂ ቁጥር ከተገኘ ነዳጁና ርቀቱ እንዴት እንደታጠፈ ልንደርስበት እንችላለን፣ መጠበቁንም በሰከንዱ ልክ መመለስ እንችላለን።